ጳጉሜ የሌለበት ፕሮግራም

ትናንት፣ ጳጉሜ በገባች በማግስቱ፣ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የድሮ አለቃዬ አቶ ታደለ ከጎኔ ተቀመጡ። አርጅተዋል። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አብራቸው ለነበረች ኮሌጅ ለጨረሰች የልጅ ልጃቸው በአገጫቸው አመለከቱኝና፣ «ይኸውልሽ፣ ኮምፒውተር ያስተማርኩት ልጅ!» አሉ።

ይቅርታ ነፍስን ያቀላል የሚሉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። ጸሐፊዎቻቸው አቶ ታደለን አያውቋቸውም።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሰበታ ውስጥ አንድ የዘይት ፋብሪካ በፕሮግራመርነት ቀጠረኝ። የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ቢሮው ኑግ ኑግ ይሸታል። ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ካርታ ይጫወታሉ፤ ከሰዓት የዘመድ አዝማድ የሠርግ መጥሪያ እናትማለን። መጽሐፍ ገልጬ ካዩኝ፣ «ምን አስቸኮለህ? ፋብሪካው እንደሆነ የትም አይሄድ» ይሉኛል። እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ እንደ እሳቸው እንዳልሻግት ፈራሁ። ክረምቱን ሙሉ ለጭነት መኪኖች የመውጫ ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም ጻፍኩ። የእኔ ነው የምለው የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር።

አቶ ታደለ አዩትና ሁለት ነገር አዘዙ።

«መክፈቻው ላይ ‹አዘጋጅ፦ ታደለ› በልበት። ጳጉሜንም አውጣት።»

«ጋሼ፣ ጳጉሜ እኮ ወር ናት።»

«ደሞዝ የሌለው ደግሞ ምን ወር ነው? በአሥራ ሁለት ጨርሰው!»

ጨረስኩት። ጳጉሜ ያለችበትን፣ የራሴ ስም ያለበትን ግን ፍላሽ ላይ አድርጌ በኪሴ ይዤ እዞር ጀመር።

ጳጉሜ በባተች ጠዋት ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ እምቢ አለ። የዓመት በዓል ዘይት የጫኑ መኪኖች ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ። ኦቦ ጉታ የሚባሉ ሾፌር በጭቃ ጫማቸው ገቡ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ማሽኑም ለበዓል አገሩ ገባ እንዴ?»

ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብለው አነበቡ። «አዘጋጅ፣ ታደለ። ጥሩ፤ አዘጋጁ ያስተካክሉታ!»

አቶ ታደለ ማውዙን ያዙት፣ ለቀቁት። «ልጁ ያስተካክለዋል።»

«እኔ የሰው ሥራ አልነካም» አልኩና ሻዬን ፉት አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሻይ የለም።

ውጭ ጥሩምባው ቀለጠ።

«ታዲያ የማን ሥራ ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

«የሱ» አሉ አቶ ታደለ ወደ መሬት።

«አልሰማሁዎትም።»

«የሱ ነው! ጳጉሜን አውጣ ያልኩትም እኔ ነኝ!»

ያኔ ፍላሹን ሰካሁ። መኪኖቹ ወጡ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሱሉልታ ሌላ ሥራ አግኝቼ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቷ በጉጉት ወደ እኔ ዞረች። «ምን ምን አስተማሩዎት?»

አቶ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ለመነኝ።

«እስከ አሥራ ሦስት መቁጠር» አልኳት።

እሷ ሳቀች። እሳቸው እስኪወርዱ ድረስ በመስኮቱ ዝናቡን አዩ። ይቅር ልበላቸው ይሆን? አዲሱ ዓመት ይግባና አስብበታለሁ። በጳጉሜ ግን አይሆንም።