ደካማዋን ቱቦ ፍለጋ

አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ የታሰርኩበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ጫማዬን ስላስወለቁኝ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ከእግሬ ወደ ወገቤ ወጣ። ከቤቴ የወሰዱኝ፣ እዚያ የሚማሩ የአገሬ ልጆች የአገራችንን መንግሥት ተቃውመው ሰልፍ በወጡ ማግስት ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ የሰው ቤት የማጸዳ ሴት ነበርኩ። ግን ከሰልፈኞቹ መካከል የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሁለት ተማሪዎች እኔ ጋ ያድሩ ነበር። ፖሊሶቹ ሲመጡ ልጆቹ አልነበሩም። ስማቸው ከታወቀ ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ፤ እዚያ የሚጠብቃቸው ወህኒ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ጠና ያሉ አሜሪካዊት አገኘሁ። አገራቸው ባሕር ማዶ የምታካሂደውን ጦርነት ተቃውመው መንገድ ላይ በመቀመጣቸው ነው የታሰሩት። ስማቸውን መጥራት ስለከበደኝ ማማ አልኳቸው።

አንድ መርማሪ አስተርጓሚ ይዞ መጣ፤ አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ነው። “እህቴ፣ ሁለት ስም ብቻ። ከዚያ ቤትሽ ትገቢያለሽ” አለኝ ፈገግ ብሎ።

“እህትህን በባዶ እግሯ ነው የምታቆማት?”

ፈገግታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ብርድ ልብሳችንን ወሰዱ። ቀጥሎ ማሞቂያው ተዘጋ። ምሳው ወደ ቁራሽ ዳቦ ወረደ። የመታንም የጮኸብንም የለም። ያ ነው ያስፈራኝ።

“ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ፣ የኔ ማር” አሉ ማማ። ቀደም ሲል ሳን ሆዜ ከተማ፣ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ሲሠሩ ተቀጥረው ነበር። አንዱ ማሽን ሰፊ ክፍል ይሞላል፤ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ናቸው፤ አንዷ ከተበላሸች መልሱ ይሳሳታል። “ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ኤሌክትሪኩን ሆን ብለን እንቀንሳለን። ደካማዋ ቱቦ ያኔ ትታወቃለች። ነቅለን እንጥላታለን።”

“አሁን ታዲያ ቱቦዋ እኔ ነኝ?”

“አንቺ ነሽ። እኔ ስንቀጠቀጥ አይተሽ እንድትሰበሪ ይፈልጋሉ” አሉና ሳላቸው ተነሣ።

በማግስቱ አስተርጓሚው አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ተመለሰ።

“ቤትሽ ማን ያድራል?”

“እኔ።”

“ሌላስ?”

“እኔ ብቻ። ብርድ ልብሱን ለማማ ስጣቸው። እሳቸውን የጠየቃቸው የለም፤ በእኔ ዝምታ ለምን ይቀጣሉ?”

“ላንቺ ነው ያመጣሁት።”

“እንግዲያው ይዘኸው ሂድ።”

ይዞት ሄደ። ከማማ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን ተቀመጥን።

በመጨረሻ አንድም ስም ሳላወጣ ስፈታ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ ጠባቂዎቹ “እንዲህ ያለች ሴት እዚህ የለችም” አሉኝ።

ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እስር ቤት ፖሊሶቹ ምን እንዳሉኝ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ ከመንገዱ ማዶ ሳየው ግን፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ስሙን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።