ቅጹ ያልጠየቀው ስም

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

የታሪክ ማኅበራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል ውስጥ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ጸሐፊ ያደረጉኝም ስለማልናገር ይመስለኛል። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ «ይች ልጅ ከቃለ ጉባኤ ውጭ ድምፅ የላትም» እያሉ ሰው ያስቁብኛል። እኔም አቀርቅሬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት አሁን ባንኩ ያለበት ቦታ ነበር ወይስ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ በሚል ሁለት ሽማግሌዎች ሦስት ቅዳሜ ሲከራከሩ፣ የሁለቱንም ቃል አንዲት መስመር ሳላበላልጥ አስፍሬያለሁ። ጥንቃቄ ማለት ለእኔ ይህ ነበር።

ያን ዓመት የያዝነው የመቃብሩን ጉዳይ ነው። ከተማችን ገና መንደር ሳለች ለመንገድ ሥራ ከሩቅ የመጡ ሰዎች በወባ አልቀው ሐይቁ ዳር ተቀብረዋል። ቦታው ላይ ዛሬ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ጭማቂና የተጠበሰ ዓሣ ይሸጥበታል። ሰብሳቢያችን «ስማቸውን ሰብስበን አንድ ድንጋይ እንኳ እናቁምላቸው» አሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ያኔ ወጣት ዲያቆን ሆነው ሟቾቹን ከአንድ ቄስ ጋር የቀበሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ መሪጌታ። እሳቸው ዘንድ የተላክሁት እኔ ነኝ።

ቅጹ አራት ዓምድ ነበረው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት አገር፣ ሥራው። መስመሮቹን በኮምፒውተር አስተካክዬ ሳትም ደስ ብሎኝ ነበር።

መሪጌታው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«አላውቀውም። ግዴለም፣ ተቀመጭ።»

ወረቀት አልያዙም። እንደ ዳዊት በቃላቸው ነው የሚወርዱት፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው። የመጀመሪያውን ሰው ስም ከነአባቱ ጠሩና ቆም ብለው ሌላ ስም አስከተሉ፤ የክርስትና ስሙን። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው የምትጸልየው ሰው ሁሉ በሚጠራው ስሙ ሳይሆን በዚያ ነው። እነዚያ ሰዎች ትኩሳት ሲጥላቸው አጠገባቸው ዘመድ ስላልነበረ፣ የክርስትና ስማቸውን የሰሙት ቄሱና ዲያቆኑ ብቻ ናቸው። ቄሱ ከሞቱ ቆይተዋል።

እኔ ደግሞ ለዚያ ስም ዓምድ አልነበረኝም።

«የኔታ፣» አልሁ፣ «የዓለም ስማቸውን ብቻ ቢነግሩኝ።»

«ይኸኛውንስ አትጽፊውም?»

«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ሌላ ቀን መጥቼ ለብቻው እጽፈዋለሁ።»

ሳቁ። «አንች ልጅ፣ እኔ ሌላ ቀን ያለኝ እመስልሻለሁ?»

ከዚያ እንደ ታዘዙት ቀጠሉ። ሁለት ጊዜ ረስተው የክርስትናውን ጨመሩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ብዕሬን አንስቼ እስኪያልፉት ጠበቅሁ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ድምፅዎን ልቅዳ ብሎ መጠየቅ አፍሬ አላወጣሁትም። ከወረቀቱ ጀርባ ባዶ እንደ ነበረ እንኳ ያሰብሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በስብሰባው ላይ ነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ አነሣሁ። ሰብሳቢያችን «እሱ የካህናቱ ድርሻ ነው ልጄ፤ እኛ ፍትሐት አናደርስ» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ተውሁት። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ እንዳልሄድ የከለከለኝ ሰው አልነበረም። ለዚያ ሌላ ቀን ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ሰው ቤት ደውሎ «ልምጣ?» ማለት ይከብደኛል። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ፤ በክረምቱ መካከል መሪጌታው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ዝርዝሩን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፈነው ስለ ነበር ወሬው ጎረቤታችን ከተማ መሸንቲ ድረስ ደርሶ ኖሯል። አንድ ቀን በትዳር ከሩቅ አገር እዚያ የመጡ አንዲት አሮጊት ደወሉልኝ።

«አባቴ ከእናንተ ወረቀት ላይ አለ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

ስሙን ነገሩኝ። አለ፤ ሰባተኛው ነው።

«ተመስገን! እኔን በሆድ ትቶ ነው የወጣ። እናቴም እኔን ስትወልድ ሞተች። የክርስትና ስሙን የሚነግረኝ አጥቼ ይኸው አረጀሁ። ጸሎት ላስደርስለት ስሄድ ቄሱ ስሙን ይሉኛል፤ የምመልሰው የለኝ። እናንተ ካገኛችሁትማ ሳልሞት አንድ ቀን ላስጠራው።»

የለንም ማለት ነበረብኝ። «ቅዳሜ ይምጡ እማማ» አልሁ።

በማግሥቱ መሪጌታው ቤት ሮጥሁ። አልጋ ላይ ናቸው። የሰባተኛውን ሰው ስም ከነአባቱ በጆሯቸው አልሁ። «ጮክ በይ፣ ይሰማሉ» አለችኝ ልጃቸው። ጮክ አልሁ። እንዲያ ጮኬ አላውቅም። መሪጌታው ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እንዳወቁኝ አውቃለሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ትንፋሽ ወጣ፤ ሌላ ምንም። ልጃቸው ውኃ የጠየቁ መስሏት በማንኪያ አጠጣቻቸው።

«ለእናንተ ነግረዋችሁ አያውቁም?» አልኋት።

«ለእኛ? እኛ መች ጠይቀናቸው እናውቃለን!»

ከዚያ በኋላም አራት ቀን ነበረኝ። የሴትዮዋ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። ቅዳሜን የጠበቅሁት ምን ይሆናል ብዬ እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም።

ቅዳሜ አሮጊቷ ከስብሰባው ቀድመው በጠዋት መጡ፤ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ጧፍና ዘቢብ በፌስታል ይዘው። ለዚሁ በጠዋት የተገኙት ሰብሳቢያችን ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ዝርዝሩ ፊት አቁመው ፎቶ አነሧቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ሰባተኛውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉና «አባባ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ቃል የሚሉት ሰው አልነበራቸውም።

«በይ ልጄ እንሂድ፣ ቄሱ ሳይወጡ።»

በሐይቁ ዳር ዳር ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሃያ ሆነ። በየዛፉ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ በቆሙ ቁጥር አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ።

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«ይህን የመሰለ ሥራ እየሠራሽ! የሞተ ሰው ስም የምትሰበስብ ልጅ መቼም እግዜር ባል አይከለክላትም» ብለው ሳቁ። ትንሽ ሄድ አሉና፣ «ደግሞ አፍሽ ቁጥብ ነው። ጨዋ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ መናገር አቃተኝ።

ቄሱ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ መስቀል ተሳለሙና ፌስታሉን አስቀመጡ። የመጡበትን ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው የልጃገረድ ሆነ፤ አባታቸው እንዴት እንደ ሞተ፣ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ዛሬ ስሙ እንዲጠራ። ቄሱ ጨርሰው ሰሟቸው።

«መልካም፣ መልካም። ስመ ክርስትናው ማን ይባላል?»

«ይች ልጅ ጽፋዋለች» አሉና ዞረው አዩኝ። ቄሱም አዩኝ።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። እንደሌለ የማውቀውን ወረቀት መፈለግ ጀመርሁ።