ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር

ያ ጉብታ ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል ሲያቀኑ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስሙን አልጠራውም፤ ከሥሩ ያሉት ሰዎች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ከላዩ ሲቆሙ ሐይቁ በሩቁ ይታያል። እናንተ ልጆች አሁን ስታልፉበት ባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ ብቻ ነው የምታዩት። እኔ የማየው ሌላ ነው።

በጦርነቱ ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ። «ጉብታውን ይዛችሁ ደራሽ ጦር እስኪመጣ ጠብቁ» የሚል ነበር። ሠላሳ አንድ ነበርን። አዛዣችን መቶ አለቃ ደምሌ ይባላል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔ አሥር አለቃና መትረየስ ተኳሽ ነበርኩ። ረዳቴ ሰይድ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት ከአባቱ ጋር መረብ እየጣለ ዓሣ ይሸጥ ነበር።

ጉብታው ከሥሩ ወዳለው መንደር የሚያዘነብል ሹል ጫፍ አለው። መትረየሱን እዚያ ተከልን። ከማዶው ተረተር ላይ የምንዋጋቸው ነበሩ። በመሃል ሸለቆው ውስጥ መንደሩ አለ፤ ሠላሳ የሚሆን ቤት፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን። መንገዱ ስለተዘጋ ሰዉ መሸሻ አልነበረውም። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ተኮስን። ተመለሱ። ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ ነበር። ሰይድ ዝናሩን እያቀበለኝ ሳለ ዘንበል አለብኝ።

«ተመታህ?» አልኩት።

«አብሽር፣ ምንም አልሆንም። አንተ ተኩስ።»

ተኮስኩ። ዞር ስል አልፏል።

አምስት ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። አራት ሰው አጥተናል። መቶ አለቃ ጥይት አስቆጠረ። የእኔ መትረየስ አንድ ዝናር ተኩል ቀርቶታል፤ የሌላው ሰው ጥይት ለግማሽ ሰዓት ውጊያ አይበቃም። በመገናኛ ሬዲዮው ጠራ። ደራሽ ጦር ከነገ ጠዋት በፊት አይደርስም አሉት። «ደርሶኛል» ብሎ ዘጋ። ሁላችንም ሰምተናል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላ በዱላ ሰቅለው ከመንደሩ ወጡ። አንደኛው ሼህ ይማም ናቸው፤ ሌላው ቄስ ምስጋናው። የማዶው አዛዥ መልእክት ልኳቸው ነው። ሼሁ መቀመጥ እንኳ አልፈለጉም።

«ጉብታውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልለቀቁ መንደሩን በሞርታር እመታለሁ ብሏል። መንደራችን ለእናንተ ስንቅ ያቀብላል አለ።»

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለ መቶ አለቃ።

«እኛማ ምን እንላለን፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «የምትነጋገሩት እናንተ። የሚነደው የእኛ ቤት።»

መቶ አለቃ መለሰላቸው፤ «አልለቅም በሉልኝ። አንዲት ቅምቡላ መንደሩ ላይ ከወደቀች ጦሬን ይዤ እወርድበታለሁ። ሊያነጋግረኝ ከፈለገ ግን መሣሪያዬን ትቼ እመጣለሁ።»

ሼህ ይማም ምሽጎቹን አዩ። የሞቱትን አዩ። የቀረነውን ሳይቆጥሩን አልቀሩም።

«በእርግጥ ትወርዳለህ?» አሉት።

«እንዳልኩት ይንገሩልኝ፣ አባባ።»

እነሱ ሲሄዱ አንድ ወታደር፣ «ሞርታሩን ቢተኩሱስ?» ብሎ ጠየቀ። «ሞርታር ቢኖራቸው ጠዋት ሰው ከማስጨረሳቸው በፊት ይተኩሱት ነበር» አለ መቶ አለቃ። አነጋገሩ የሚያሳምን ነበር። እኛም አመንን።

ሽማግሌዎቹ ማዶ ደርሰው ተመለሱ። ወደ እኛ ግን አልወጡም። ሸለቆው መሃል አውድማው ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። ቄስ ምስጋናው የቅዳሴ ድምፅ አላቸው፤ ለሁለታችንም ወገን ጮኸው ተናገሩ።

«ከዚህ አንነሣም! መተኮስ ያማረው ከእኛ ይጀምር!»

ትንሽ ቆይቶ አንድ አዛውንት ከመንደሩ ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ ሴቶች መጡ፤ ልጅ ያዘሉም ነበሩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን አውድማው ሞላ። እጄ መትረየሱ ላይ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ጠዋት ጥይት ሲያፏጭብኝ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም። አንድ ሰው አሳለ። ምንም።

ከዚያ ከማዶ አንድ ሰው ባዶ እጁን መውረድ ጀመረ። መቶ አለቃ ሽጉጡን ፈትቶ ለአንድ ወታደር ሰጠና «ና ተከተለኝ» አለኝ። እኔም መትረየሱን ለሌላ ሰው ትቼ ወረድኩ።

የማዶው አዛዥ ወጣት ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ነበር» አለ።

መቶ አለቃ ሰዓቱን አየ። «ዘጠኝ ከአሥር ሆኗል። አልተኮስክም። እኔም ጦሬን ይዤ አልወረድኩም።»

ሰውዬው በዝግታ፣ «ስድስት ሰው ሞቶብኛል። ወደ ላይ ስመለስ ልጆቼን ምን ልበላቸው?» አለ። ዛቻው ሁሉ ከድምፁ ወጥቶ ነበር።

«ከመንደሩ በላይ ካለው ጫፍ ላይ መትረየሴን አነሣለሁ» አለ መቶ አለቃ። «‹አስነሣሁት› በላቸው። አንተ ሞርታርህን ከመንደሩ ላይ አዙር። ሁለታችንም ሬሳችንን እናንሣ። እስከ ነገ ጠዋት እዚህ ሜዳ ማንም አይግባ።»

መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ከአፌ አመለጠኝ። «መቶ አለቃ፣ ሰይድ የሞተው እኮ እዚያ ነው!»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ሼህ ይማም ክንዴን ያዙኝ። «የሰይድን አባት አውቀዋለሁ። ልጁን እኛ እናደርስለታለን። አንተ መትረየስህን አንሣ፣ ልጄ።»

ወደ ጫፉ ተመልሼ አነሣሁት። መቶ አለቃን በልቤ እየተራገምኩ ተሸክሜው ወጣሁ። ማታ ከመንደሩ የአንድም ቤት ጭስ ሳይጎድል ሲወጣ ሳይ ንዴቴ በረደ። በማግስቱ ደራሽ ጦር ሲመጣ የማዶዎቹ ሌሊቱን ተረተሩን ለቅቀዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐይቅ መናኸሪያ የደሴ ሚኒባስ እየጠበቅሁ ሳለ አንድ ሰው አፍጥጦ አየኝ። «ያን ቀን ከጉብታው ጫፍ መትረየስ ተሸክመህ የወጣኸው አንተ አይደለህም?» አለኝ። ያኔ በጦር መነጽር አይቶኝ ኖሯል። ሞርታር ተኳሻቸው እሱ ነው።

«ሞርታር ነበራችሁ?» አልኩት።

«በዋዜማው ነው የተበላሸብን፤ ሲጠገን ሰባት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅምቡላዋን አፈሙዙ ላይ ይዣት ነበር። ትእዛዝ ስጠብቅ እጄ ደነዘዘ።»

ሻይ ጋበዝኩት።

ዛሬ ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ ይጠሩኛል። አንዱ «እስከ ዓርብ ካልለቀቀ እኔን አያርገኝ» ይላል። ዓርብ ቢያልፍስ ምን ታደርጋለህ እለዋለሁ። ቀጥዬ ባላንጣው ሳያፍር ቤቱ የሚገባበትን መንገድ እፈልጋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ፖለቲከኞች በሬዲዮ ቀነ ገደብ ሲሰጣጡ ስሰማ ደግሞ የማስበው ስለ ተናጋሪዎቹ አይደለም። አውድማው ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው የምጠይቀው።

ያን ቀን የእኛ አራት ሞቱ። ሰይድን አባቱ ሐይቅ ቀበሩት። ሦስቱ አገራቸው ሩቅ ስለነበር መንደሩ ቤተ ክርስቲያን አርፈዋል። ከእነሱ ስድስት። ከመንደሩ ማንም።

ድል አደረግን ብዬ አላውቅም። መቶ አለቃ ደምሌ ስለ ሞርታሩ ተሳስቶ ነበር፤ ጫፉን በመልቀቁ ግን አልተሳሳተም። ይህን ሳልጠራጠር እነግራችኋለሁ።