ጭምት የተባለችው ልጅ

በተማሪ ካርድ ላይ “ጸባይ” በሚለው ቦታ “ጭምት” ብዬ ስጽፍ ምስጋና የጻፍኩ ይመስለኝ ነበር። ጭምት ማለት ምላሱን የሚገዛ፣ ቃሉን መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነው። መናገር እየቻለ ይቆጠባል። መቻሉ ከሌለ ግን ጭምትነት የለም፤ ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ሶዶ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛ የምናብራራው በአማርኛ። ከሁምቦ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አትልም። ካርዷ ላይ በራሴ እጅ “ጭምት” ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሳልፍ ድምጿን ሰማሁ። ለሦስት ጓደኞቿ የደም ዝውውርን በወላይትኛ ታስረዳለች። ትከራከራለች፣ በሚሳሳቱት ላይ ታሾፋለች። እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀሁበትን በጥቂት ደቂቃ ጨረሰችው።

ወዲያው ለወረዳው የጥያቄና መልስ ውድድር ስሟን ሰጠሁ። መራጩ አንጋፋ ባልደረባችን ግን ሰረዛት።

“ጋሼ፣ ለምን ተሰረዘች?”

“ጭምት ናት። የጻፍሽውም አንቺ ነሽ።”

“ተሳስቼ ነው። ጭምት ማለት እኮ...”

“ጠመኔ ስጧት፣ ልታስተምረን ነው” አለ። መምህራኑ ሳቁ።

ልጅቷን ጠርቼ መወዳደር ትፈልግ እንደሆነ በወላይትኛ ጠየቅኳት።

“እፈልጋለሁ ቲቸር። ግን ጭምት አይወዳደርም ተባልኩ።”

“ጭምት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“አዎ። አማርኛ የማይችል።”

ጭምት ያልኳቸውን ተማሪዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ሁሉም ከገጠር፣ ከጉኑኖ፣ ከበዴሳ፣ ከሁምቦ የመጡ ናቸው። ከከተማው ልጆች አንድም የለበትም።

ተመልሼ ለባልደረባችን ነገርኩት። “በወላይትኛ ትመልስ፣ እኔ እተረጉምላታለሁ” አልኩ። ቀና ብሎም አላየኝ።

“አማርኛዋ እስኪሻሻል ትቆይ።”

“እንግዲያው ጭምት እንዳልሆነች ያውቁ ነበር?”

“ታዲያ አማርኛ አትችልም ብለን እንጻፍባት? ይሄ ይሻላል። አይከፋትም።”

እሱም አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ ያዘነላት መስሎት፣ በምስጋና ቃል አፏን ዘጋባት። እኔም አብሬው ዘግቻለሁ።

ሦስት የከተማ ልጆች ተወዳደሩ። እሷ ከተመልካቾች መሃል ተቀምጣ አጨበጨበችላቸው።