ሜዳ ላይ ያልተለካ ዘይት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትገኘው መንደራችን፣ ተዳፋቱ ላይ ፊቱን ቁልቁል ደፍቶ የሚቆመው አሮጌ ትራክተር፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚሰደበው አባቴም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ትራክተሩ የገበሬ ማኅበሩ ነበር። ቆላ ካለ እርሻ አርጅቶ የወጣ፣ ቀለሙ የለቀቀ ነገር ነበር፤ አባቴ ሙላትም ወጣትነቱን እዚያው ቆላ በትራክተር ነጂነት ያሳለፈ ስለነበር ወንበሩ ለእሱ ተሰጠ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ላይ አቁሞት፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጥ ነበር፤ ጧት ድንጋዩን አንሥቶ ቁልቁል ይለቀውና ሲንደረደር ማርሽ አስገብቶ ያስነሣዋል። ሞተሩ ሜዳ ላይ ከጠፋ ግን ሃያ ጎረምሳ ካልገፋው ንቅንቅ አይልም። እኛ አገር ደግሞ ሃያ ጎረምሳ አንድ ላይ የሚገኘው ወይ ለቀብር ወይ ለቅዳሴ ነው።

በጋውን እህልና ድንጋይ እየጎተተ ከረመ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አባቴ ከጎኑ አስቀምጦኝ የዘይት ግፊት የምታሳየውን ትንሽ ጌጅ እንዳይ ያደርገኝ ነበር። ዘይቱ ተገፍቶ በየብረቱ መካከል ካልደረሰ ብረት ብረትን ይበላል፣ ይቺ መርፌ ከወደቀች ወዲያው ማጥፋት ነው፣ ይለኝ ነበር። እኔም ከፊደል ገበታዬ ይልቅ ያቺን መርፌ አጥንቼ ነበር ማለት እችላለሁ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጣል ጣል ሲል እርሻ ተጀመረ፣ መርፌዋም ታመመች። ዳገት ስንወጣ ቀና ትላለች፣ ቁልቁል ስንዞር ዘፍ ትላለች። አባቴ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ ጧት ጧት መዝዞ ያየዋል፤ ሙሉ ነው። ጌጁ ይሆናል ብሎ ከጀርባው ያለችውን ቀጭን ቱቦ ፈትቶ ሞከረ፤ ሽቅብ ሲሆን ዘይቱ ፊጭ ይላል፣ ቁልቁል ሲሆን ጠብ ጠብ ይላል። ጌጁ አልዋሸም ማለት ነው። ታዲያ ዘንጉ ለምን ሙሉ ይላል? ሦስት ቀን እህል በቅጡ ሳይበላ አሰበ።

በአራተኛው ቀን ጀሪካን እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቶ ወደ አፉ በኩል ዘንበል አድርጎ ያዘና፣ በአፉ የማሽላ አገዳ እንድከት አዘዘኝ።

«ስንት ደረሰ?»

«ሙሉ ነው፣ አባዬ።»

ጀሪካኑን ቀጥ አድርጎ አቆመው። «አሁንስ?»

ግማሽ ነበር። ዘንጉ ከሞተሩ ፊት፣ ዘይቱን የሚስበው ቱቦ ደግሞ ከኋላ ነው፤ ትራክተሩ ዘወትር ፊቱን ቁልቁል ደፍቶ ስለሚቆም፣ ያለችው ትንሽ ዘይት ወደ ፊት ተጠራቅማ ዘንጉን እስከ አናቱ ታጠጣዋለች፤ ቁልቁል ሲዞርም የኋላው ቱቦ አየር ይስባል። አሮጌው ሞተር ዘይቱን ሲጠጣ ከርሞ፣ እኛ ስንለካ የኖርነው ተዳፋቱን ነበር። አባቴ ሳቀ። በዚያ ዓመት የሳቀው የመጨረሻ ሳቁ ይመስለኛል።

በነጋታው ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አያ ደምሴ ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማርያም ደጅ ሜዳው ላይ አጥፍተን እንለካው፣ ዘይት ከጎደለ ይገዛ፣ ያው የተሰበሰበው ምእመን ገፍቶ ያስነሣልናል፣ ብሎ ለመነ። ምን ከባድ ነገር አለው? አያ ደምሴ ግን የእርሻ ወቅት ነው፣ ሰው እየሰበሰብህ ጊዜ አትግደል አለው፤ ወደ ትራክተሩ መጥቶም፣ ተዳፋቱ ላይ እንደቆመ ዘንጉን መዘዘና አባቴ ዓይን ሥር ደቀነው።

«ሙሉ ነው። የጎደለው የአንተ ወኔ ነው።»

«እንግዲያው በእኔ እጅ አይሞትም፣ አያ ደምሴ» አለና ወንበሩን ለቀቀ።

ግንቦት ላይ የሊቀ መንበሩ የወንድም ልጅ ተቀመጠበት። ጌጁንማ ከነመኖሩም አያውቀው። በአራተኛው ቀን ቁልቁል እየወረደ ሳለ ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸና ብረት ብረትን ነክሶ ቀጥ አለ፤ ጭሱ መንደሩን አለበሰው። እስከ ዛሬ የማይለቀኝ ሽታ ያ ነው።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው ያንገበግበኛል። ስብሰባው እዚያው ትራክተሩ አጠገብ ተጠራ፤ ሙላት በቂም አንድ ነገር ፈታትቶበት ነው የወረደ፣ ተባለ። አያ ደምሴ ያንኑ ዘንግ መዝዞ ለሰው ሁሉ አዞረ፤ ትራክተሩ አሁንም ፊቱ ቁልቁል ነበርና ዘንጉ አሁንም ሙሉ ነበር። እኔ ሮጬ ጀሪካኑንና አገዳውን አመጣሁ። መሐላቸው ገብቼ ማዘንበል ስጀምር አንዱ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለና ሳቁ። ቤታችን እየመጡ ሲበሉና ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው የሳቁት! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየልኝም። አባቴም የማኅበሩን ንብረት ዳግመኛ እንዳይነካ ተፈረደበት።

ክረምቱን በተውሶ በሬ አረሰ። «ትራክተር ገዳዩ» የሚለው ስም ግን ከቤታችን አልወጣም፤ እናቴን ውሃ ወርዳ ይጠብቃት ነበር፣ እኔን ትምህርት ቤት ድረስ ተከተለኝ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ መልስ ሲሰጥ አልሰማሁትም፤ በእሱ ዝምታ እኔ እርር ድብን እል ነበር።

ዘንድሮ በበጋ የማኅበሩን መጋዘን ሊሠሩ ቦታውን ሲጠርጉ ያንን ዝገት ጎትተው ማርያም ደጅ ሜዳው ላይ ጣሉት። ይህን ስሰማ ከማስተምርበት ከወገዳ መጥቼ፣ አባቴን በከዘራው እየደገፍሁ ወሰድሁት። አያ ደምሴ ከሞተ ቆይቷል፤ ሠራተኞቹ ልጆች ናቸው፣ ምንም አያውቁ። ዘንጉ ዝጎ አልወጣ ብሎ ታገለኝና በመጨረሻ ተመዘዘ። ጫፉ ላይ የጥፍር ታህል ጥቁር ዘይት አለች፤ ከዚያ በላይ ደረቅ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ማደሩ የሰው ዕድሜ እንደሚጨርስ ግን የነገረን የለም። ቤት ለቤት እየዞርሁ ያንን ዘንግ በየደጁ ማሳየት ፈለግሁ፣ የቀሩትን ሁሉ ጠርቼ ጎንበስ በሉ፣ አሁን ተመልከቱ ማለት ፈለግሁ። አባቴ አየው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

«መልሰሽ ክተችው፣ የሺ። ውሃ ይገባበታል።»

ያኔ የምናገረው ነበረኝ፣ የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ዛሬ ጀሪካን አዘንብዬ ሳሳያቸው አንገታቸውን ሰግገው የሚያዩ ተማሪዎች አሉኝ፤ የሳቁት ሰዎች ግን አብዛኞቹ አፈር ገብተዋል። ዘንጉን በነጠላዬ ጠርጌ መልሼ ከተትሁት።