አያስሩት ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ነው፤ ድፍረት አይምሰላችሁ።

አምቦ ላይ ቤት ስንሠራ ኪችኑ መሀል አይላንድ እንዲቆምልኝ ፈለግሁ። በስልክ አይቼ የቀናሁበት፣ ከታች ቁም ሣጥን ከላይ ግራናይት የሆነ፣ ሰው ዙሪያውን የሚዞረው ጠረጴዛ ነው። የሠሩልኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ በከተማው እጃቸው የተመሰገነ ሽማግሌ አናጺ። ግራናይቱ በአንድ ወገን ወጣ ያለ ስለነበር፣ ወለሉን በስተው በብሎን ሊያስሩት ድሪላቸውን አወጡ። ከለከልኳቸው። ሴራሚኩ ከአዲስ አበባ ተመርጦ የመጣ ነው፣ ቢሰነጠቅ ምትክ አላገኝለትም፤ በሲሊኮን ይለጠፍ አልኩ።

«አዴ አልማዝ፣ ይሄ ካልታሰረ አንድ ቀን ይገለበጣል» አሉኝ።

«ኃላፊነቱ የኔ ነው» አልኳቸው። በዚሁ አፌ። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ለጥፈውት ሄዱ። ከሁለታችን በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

ታናሽ እህቴን አስቴርን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነበረች። አይላንዱ ከቆመ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ድስት ላውርድ ብላ ወጣ ባለው ጠርዝ ላይ በጉልበቷ ወጣች። አይላንዱ ከነግራናይቱ ተገለበጠ፤ ቀኝ እጇ ከሥሩ ገባ። ሦስት ጣቶቿ ተቆረጡ።

ያኔ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ባሌ ይቆጣል፣ አስቴር ታኮርፈኛለች። ይኸው ነው። እኔ ግን ገና ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሳለን፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው ሲባል የኦቦ ገመቹን ስም ጠራሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ኦቦ ገመቹ «ሳላስር መሄዴ እውነት ነው፣ ለምን እንደሆነ አዴ አልማዝን ጠይቋት» ብለው ወደኔ ዞሩ። ተጠየቅሁ።

«አስሬዋለሁ ብለውኝ ነው የሄዱት» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እኔን አምነው ኦቦ ገመቹ ይቅርታ እንዲጠይቁ ፈረዱ። በሳምንቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጃችን መጡና እንደ ወጉ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ተንበረከኩ። አስቴር ፊታቸውን አላይም ብላ ከጓዳ ስላልወጣች፣ እንደ እናት ሆኜ ድንጋዩን ያነሳሁላቸው እኔ ነኝ። እኔ፣ አያስሩት ያልኩት። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ኦቦ ገመቹ ሲነሱ ቀና ብለው አላዩኝም።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከዚያ ወዲያ አምቦ ውስጥ በር እንኳ የሚያሠራቸው ጠፋ፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጊንጪ ሄዱ። እኔ ደግሞ ሌላ አናጺ ጠርቼ አይላንዱን በብሎን አሳሰርኩት። ወለሉ አራት ቦታ ተበሳ። አንድም ሴራሚክ አልተሰነጠቀም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እያደር ጨለመ። ባለፈው ዓመት ኦቦ ገመቹ ማረፋቸውን ሰማን። አስቴር እዚያው አይላንድ ላይ በግራ እጇ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ነፍሳቸውን ይማር። እኔስ ይቅር ብያቸዋለሁ» አለች።

አሜን አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ድንጋዩን ሊያነሳልኝ የሚገባው ሰው ሞቷል። አስቴር ግን አለች፤ በየቀኑ ከጎኔ ትቆማለች፣ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃታል። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ጨው አቀብዪኝ ብያት ይሆን? ራሴን አውቀዋለሁ። ነገም አልነግራትም።