እትዬ ዘነቡ ያሳጠቡት እንጨት

መካነ ሰላም ከተማ አናጺ ቤት ሙያ ልማር የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሼ ሰይድ መጋዝ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ መሮና መዶሻ አስያዙኝ። "የእያንዳንዱን እንጨት ቦታ ጫፉ ላይ ትቀርጻለህ። አንድ ጭረት አንደኛው ቋሚ፣ ሁለት ጭረት ሁለተኛው" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስቀርጽ ውዬ መዳፌ ውሃ ቋጠረ።

"በከሰል ብንጽፈውስ?" ብላቸው፣ "ወላሂ፣ አንተ ሰነፍ ነህ" ብለውኝ ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ራሴን ችዬ የመጀመሪያውን ሥራ ያዝኩ። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ፣ ከታች ላሞች የሚያድሩበት፣ ከላይ ድርቆሽ የሚቀመጥበት ቆጥ ያለው ትልቅ በረት አዘዙኝ። ባሕር ዛፉ ከጓሯቸው ተቆርጦ፣ ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ እዚያው ግቢ ተሰነጠቀ። እኔ እንጨቶቹ የሚገጣጠሙበትን ወንዴና ሴቴ አወጣለሁ፤ መሬት ላይ ገጥሜ አያለሁ፤ ፈትቼ አስቀምጣለሁ። ምልክቱንማ በከሰል! ማን አለቃ አለብኝ?

እትዬ ዘነቡ ግን ከአለቃ ባሱ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ያዩኛል።

"ይቺስ የት ናት?"

"የበሩ ግራ ቋሚ ናት እትዬ።"

"ታዲያ ምን አጣመማት?"

እንጨት ከእጄ ሲወድቅ ይስቃሉ። ሚስማር ሲጣመምብኝ ጎረቤት ይጠራሉ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን አሳረሩት።

ክረምቱ ደርሷል። ለማቆሚያው ቀን ደቦ ተጠራ፤ ጠላ ተጠመቀ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ወደየእርሻው ሊበተን ነው። ያን ቀን ካልቆመ ላሞቹ ክረምቱን ዝናብ ላይ ሊያድሩ፣ የእኔም ስም ገና ሳይወጣ እስከ ጎረቤት ከተማ ወግዲ ድረስ ሊጠፋ ነው።

በጠዋት ስደርስ እንጨቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ያበራል።

"አየኸው?" አሉኝ እትዬ ዘነቡ ደስ ብሏቸው። "ትናንት በእንዶድ አሳጠብኩት። ከሰል በከሰል አድርገኸው ሰው ምን ይለኛል!"

እንጨቱን እያገላበጥኩ ምልክቴን ፈለግኩ፤ አንድም የለም። ያ ሁሉ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ "የቱን እናንሳ?" ይለኛል። አንዱን ብናነሳ አልገባ አለ፤ ሌላው ሰፋ። አንድ ጎልማሳ "እንግዲያው ጠላውን ጠጥተን እንሂድ" ሲል እንባዬ መጣ። "እትዬ፣ ያሳጠቡት እኮ ምልክቱን ነው" አልኳቸው።

"ወይ ጉዴ!" ብለው ደረታቸውን ያዙ። ትንሽ አሰቡና ተነሱ። "አብሽር" አሉኝ፣ ጥጓ ወደተሸረፈች እንጨት እየሄዱ። "ይቺ የበሩ ግራ ቋሚ ናት። ድስቴ ላይ የጣልካት።"

ገባች።

"ይቺ የመሃል ምሰሶ። ሁለቴ ተሳስተህ የበሳሃት።"

ገባች።

"ይሄ የቆጡ አግዳሚ። ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ሲያልፉ አንገትህ ዞሮ፣ መጋዙ ያለቦታው የገባበት።"

ደቦው በሳቅ ሞተ። እኔ ጆሮዬ እየጋለ እገጥማለሁ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጥፋቴን አንድ በአንድ አስነሱት።

መጨረሻ ላይ አንድ አግዳሚ ቀረ። እትዬ ዘነቡ አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄን አላውቀውም" አሉ። "ይሄን ደህና አድርገህ የሠራኸው መሰለኝ።"

የቀረው ቦታም አንድ ስለነበር ገባ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በረቱ ቆመ፤ ላሞቹም ክረምቱን እዚያ አደሩ።

ከዚያ ወዲህ ምልክት በመሮ ነው የምቀርጸው። ባለቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝም፣ እንዲመቸው አጎዛ አነጥፍለታለሁ።